ከግንቦት 17 በፊት

እንደምን አላችሁ? ዲፕሎማት ለመሆን ለምትማሩ ወጣቶች ተናገር ስባል፣ ስለ አንድ ሰው ብቻ ላውራ አልኩ። በጃንሆይ ዘመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ስለነበሩት ስለ አቶ ከተማ ይፍሩ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የተነሱትን ፎቶዎች አይታችኋል። ጃንሆይ አሉ፣ የጋናው ንክሩማ አሉ፣ የግብፁ ናስር አሉ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን እነዚህ ሰዎች አንድ አዳራሽ ውስጥ መገኘታቸው ነው።

አህጉሪቱ እኮ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ጋና፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ግብፅና ሞሮኮ ያሉበት የካዛብላንካ ቡድን በአንድ በኩል፣ ላይቤሪያ፣ ናይጄሪያና ብዙዎቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ያሉበት የሞንሮቪያ ቡድን በሌላ በኩል። እነ ንክሩማ አሁኑኑ እንዋሃድ ሲሉ እነዚያ ቀስ እንበል ይላሉ። ጥር 1954 ሌጎስ ላይ ስብሰባ ሲጠራ፣ ከፈረንሳይ ነፃ ለመውጣት ይታገል የነበረው የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት ለምን አልተጋበዘም ብለው ካዛብላንካዎቹ ቀሩ። ጃንሆይ ሄዱ፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካ እንጂ የማንም ቡድን አይደለችም አሉ።

መናገሩ ይቀላል። ያንን ቃል ሥራ ላይ ማዋሉ ግን የአቶ ከተማ ፈንታ ሆነ። ሐረርጌ ውስጥ ገራ ሙለታ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በጣሊያን ወረራ ተሰደው፣ አሜሪካ ሚሺጋን ሆፕ ኮሌጅ የተማሩ ሰው ናቸው። የውጭ ጉዳዩን ሥራ ሲይዙ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ ከእናንተ ብዙም አይርቁም።

ሁለቱም ወገን የሚሰማው ሰው ያስፈልግ ነበር፣ እሱም የጊኒው ሴኩ ቱሬ ሆኑ። ሰኔ 1954 አስመራ ላይ ከጃንሆይ ጋር ሆነው፣ የአፍሪካ መሪዎች በሙሉ አንድ ላይ ይሰብሰቡ የሚል የጋራ መግለጫ አወጡ። ከዚያ በኋላ ያለው የአቶ ከተማ ልፋት ነው፦ ግብዣ ይዞ አገር ላገር መዞር፣ ያኮረፈውን መለመን፣ የሚጠራጠረውን ማሳመን። ይህን የሚያነሳ ካሜራ የለም። ያም ሆኖ ሁሉም አልመጣም። ሞሮኮ የኔ ግዛት ናት የምትላት ሞሪታንያ ተጋብዛለች ብላ ቀረች፤ ቶጎም የፕሬዚዳንት ኦሊምፒዮ ግድያ ባስከተለው ውዝግብ ሳትገኝ ቀረች። ሁለቱም ኋላ ፈርመው መሥራቾቹ 32 ሆኑ።

ተፈረመ ብሎም ማረፍ የለም። የድርጅቱን መቀመጫ ሴኔጋል ለዋና ከተማዋ ለዳካር ትፈልገው ነበር። ሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ አዲስ አበባ እስኪጸና ድረስ ሌላ ዓመት ሙሉ ክርክር ነበር። ዛሬ አዲስ አበባን የአፍሪካ መዲና ስንል ከሰማይ የወረደ ስጦታ ይመስለናል፤ ሰዎች ተሟግተው ያመጡት ነው።

አቶ ከተማ ከውጭ ጉዳይ በ1963 ወጥተው ንግድና ኢንዱስትሪን ያዙ። አብዮቱ ሲመጣ ደርግ አሰራቸው። ለዓመታት! አፍሪካን ያስማማ ሰው በገዛ አገሩ እስር ቤት ሲከርም ማሰቡ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከተፈቱ በኋላ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ሠሩ፣ በ1986 አረፉ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያ ዘመን የሠሩ ጡረተኛ ዲፕሎማቶች ጥቂት ቀርተዋል። አንዳንዶቻችሁ አጎት ወይ ጎረቤት ትሏቸዋላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ በፊት ቤታቸው ሂዱ፣ ስልካችሁን አብርታችሁ ቅረጿቸው። ማን ለማን ደወለ፣ ማን እምቢ አለ፣ በምን ተስማማ ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ ክረምት ጀምሩት።

አመሰግናለሁ።