ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ቀይ ጠርሙስ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የሄሮይንና የመሰሎቹ ሱስ ማከሚያ የሆነው ሜታዶን በሚሰጥበት ክሊኒክ መስኮት ላይ ቆሜ መድኃኒት ስሰጥ ብዙ ዓመት ሆነኝ። የኮቪድ ወረርሽኝም ያገኘኝ እዚያው መስኮት ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂንያ በስልክ ያቀረባችኋቸውን ጥያቄዎች፣ ሰዓት አልበቃ ብሎን የቀሩትንም ጨምሬ፣ እነሆ መልሻለሁ።

«በኮቪድ ጊዜ የ28 ቀን ሜታዶን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። አሁን ክሊኒክ ስቀይር በየቀኑ ና ተባልኩ። ያ ፈቃድ ቀረ ወይ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

አልቀረም። ከወረርሽኙ በፊት አዲስ ሕመምተኛ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመላለስ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት በራችን ሲከፈት የሌሊት ፈረቃ የጨረሱ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞች፣ ሥራ ሊገቡ የሚጣደፉ የታክሲ ሾፌሮች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች ተጠጋግተው ይሰለፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የፌዴራሉ መንግሥት፣ ግዛቶች ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ለተረጋጋ ሕመምተኛ እስከ 28 ቀን፣ ገና ላልተረጋጋው ደግሞ መድኃኒቱን በጥንቃቄ መያዝ ከቻለ እስከ 14 ቀን የሚበቃ እንዲሰጥ ፈቀደ። እውነቱን ልናገርና ፈርቼ ነበር። ይህን ሁሉ ጠርሙስ በአንድ ጊዜ ሳስረክብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተፈራው ግን አልደረሰም። በአሜሪካ ዕፅና መድኃኒት ከመጠን በላይ በመውሰድ ከሞቱት መካከል ሜታዶን የተገኘባቸው ድርሻ በ2019 4.5 በመቶ የነበረው በ2021 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ። ሕመምተኛው ሲታመን አደራውን ጠበቀ።

በ2024 ፈቃዱ ቋሚ ደንብ ሆኗል። ሕክምና ከተጀመረ ከ31ኛው ቀን አንሥቶ እስከ 28 ቀን የሚበቃ ሊሰጥ ይችላል። «ሊሰጥ ይችላል» ማለት ግን «ይሰጣል» ማለት አይደለም። የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የግዛቱም ሕግ ሊያጠብቀው ይችላል። አዲሱ ክሊኒክ የቀድሞ መዝገብዎን እንዲያስመጣ ይጠይቁ፤ ካልፈቀደም ምክንያቱን በግልጽ እንዲነግርዎ። ሲፈቀድልዎ ደግሞ ጠርሙሱን ይቆልፉ።

«ባለቤቴ ሱቦክሶን ሲወስድ ስድስት ዓመቱ ነው። ይህ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም?» (ስሜ ይቅር ያሉ)

አይደለም። ሱቦክሶን እንደ ሜታዶን ሱስን የሚያክም፣ ከምላስ ሥር የሚሟሟ መድኃኒት ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ደመወዝ በተቀበለበት ቀን ማታ ባለቤትዎ የት ነው የሚያመሹት? ቤት ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ ነው። «መቼ ነው የምታቆመው?» እያሉ አያስጨንቋቸው፤ ያን ከሐኪማቸው ጋር ይነጋገሩበታል።

«ወንድሜ በወረርሽኙ ጊዜ ከተሰጠው ሜታዶን የተረፈ ስድስት ጠርሙስ ‹ለክፉ ቀን› ብሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጧል። ወገቤን ሲያመኝ ከአንዱ ግማሹን ሰጠኝ። ሕመሙ ጠፋልኝ፤ ግን ቀኑን ሙሉ ሳንቀላፋ ዋልኩ። ሌላ ጊዜ ብወስድ ይጎዳኛል?» (ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ አይቅመሱ። የተቆጣሁ ከመሰለዎት ይቅርታ፤ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ስለምሰማው ነው። እኛ መድኃኒት የምንካፈል ሰዎች ነን። ለአንዱ ልጅ የታዘዘ አሞክሳሲሊን ለጎረቤት ልጅ ይተርፋል። የእናት የግፊት ክኒን ለአክስት ይላካል። ከፍቅር የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። በሜታዶን ግን እንዲህ ያለ ፍቅር ሰው ይገድላል።

ወንድምዎ ያንን ጠርሙስ ጠጥቶ ሥራ ይገባል፤ ሰውነቱ በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ለምዶታል። የእርስዎ ሰውነት አልለመደውም። ለእርሱ የዕለት መድኃኒት የሆነው ለእርስዎ ገዳይ ሊሆን ይችላል። የሚያታልለው ደግሞ ይህ ነው፦ ሕመም ማስታገሱ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል፤ መድኃኒቱ ራሱ ግን ከአንድ ቀን በላይ በሰውነት ውስጥ ይቆያል። የወገቡ ሕመም ማታ የተመለሰበት ሰው ይደግማል። ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ ይደረባል፤ ትንፋሽን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ይደክማል። ሌሊት ከባድ ማንኮራፋት ይሰማል። ቤተሰቡ «ዛሬስ ጥሩ እንቅልፍ ወሰደው» ብሎ እንዳይቀሰቅሰው በሩን ቀስ አድርጎ ይዘጋል። ያ ማንኮራፋት እንቅልፍ አይደለም! ነቅንቁት፤ ካልነቃ 911 ደውሉ፤ ትንፋሽ የሚመልሰውን መድኃኒት፣ ናሎክሶንን፣ በአፍንጫው ርጩበት። ናሎክሶን የሚሠራው ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ ሜታዶኑ ከዚያም በኋላ አለ። ስለዚህ ዓይኑን ገለጠ ብላችሁ አምቡላንሱን አትመልሱ።

ማቀዝቀዣውን ደግሞ ልንገርዎ። በብዙ ክሊኒኮች ሜታዶን ቀይ፣ የቼሪ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ነው። በትንሽ ጠርሙስ፣ ከልጆች ጭማቂ አጠገብ! አንድ ጉንጭ ሕፃንን ይገድላል። ልጅ አይከፍተውም በሚባለው ክዳን አትተማመኑ። በመስኮቱ «ቁልፍ ያለውን ሣጥን አምጥተሃል?» ብዬ ስጠይቅ የሚያጉረመርሙብኝ አሉ፤ እስከ ጡረታዬ እጠይቃለሁ። ጠርሙሱን ቆልፉ።

ስለ ወንድምዎም አንድ ነገር አለኝ። ስድስት ጠርሙስ ተረፈ ማለት ስድስት ቀን መድኃኒቱን አልወሰደም ማለት ነው። ወይ መጠኑ በዝቶበታል፣ ወይ በእነዚያ ቀናት ሌላ ነገር ወስዷል። ሁለቱንም ልንሰማ ይገባናል። ጠርሙሶቹን ይዞ ወደ ክሊኒኩ ይሂድና ያለውን ይንገራቸው። እርስዎም ወገብዎን ለሐኪም ያሳዩ።

«በኮቪድ ጊዜ ክሊኒክ ሳልሄድ በስልክ ብቻ ሱቦክሶን ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ሞቼ ነው የተነሣሁት። መድኃኒቱ አይስማማኝም ማለት ነው?» (ከባልቲሞር)

ላይሆን ይችላል። ከማርች 2020 መጨረሻ ጀምሮ ሐኪሞች ሱቦክሶንን በስልክ ብቻ ማስጀመር ተፈቅዶላቸዋል፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። የርስዎ ችግር ግን የቸኮሉ ይመስለኛል። ሱቦክሶን በአንጎል ውስጥ ሄሮይኑን ወይም ፌንታኒሉን (እንደ ሄሮይን ያለ፣ ግን እጅግ የበረታ ዕፅ) ከተቀመጠበት ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። የቀድሞው ገና ሳይለቅ ከተወሰደ የማቋረጥ ሕመሙ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፦ ላብ፣ ትውከት፣ ቁርጠት። ማዛጋቱና መንቀጥቀጡ በደንብ እስኪጀምር መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፌንታኒል ደግሞ ቶሎ አይለቅም። በጣም በትንሽ መጠን የሚጀመርበት መንገድም አለ። ለብቻዎ አይሞክሩት፤ ሐኪም ያነጋግሩ።

«ሱቦክሶን ጥርስ ያበላሻል?»

ሊያበላሽ ይችላል። ሟሙቶ ሲያልቅ በውኃ ተጉመጥምጠው ይዋጡት፤ ከመቦረሽዎ በፊት አንድ ሰዓት ይቆዩ።

«የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለልጄ ብዬ ሜታዶኑን ዛሬ ላቁም?»

አታቁሚ፣ ልጄ። በድንገት ማቋረጥ ለአንቺም ለፅንሱም የበለጠ አደገኛ ነው። ነገ ጠዋት ለእርግዝና ሐኪምሽም ለክሊኒክሽም ንገሪ።

«በጾም ሱቦክሶን ጠዋት ብወስድ ጾሜ ይፈርሳል?»

ይህን የንስሐ አባትዎ ይመልሱልዎ። እኔ የምለው መድኃኒቱ አይቋረጥ ነው።

«ከወረርሽኙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ልሄድ ነው። ሦስት ሳምንት ጠበል ስጠመቅ ሜታዶኑን ትቼ፣ ስመለስ ልቀጥል አስቤያለሁ።» (ከዲሲ)

ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን አይተዉ። የኤችአይቪ ሕሙማን በዚሁ ጥያቄ ሲጨነቁ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ አበረታተው ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነትዎ ልማዱን ያጣል፤ የድሮውን መጠን እንደተመለሱ ቢወስዱ ትንፋሽዎን ሊያቆመው ይችላል። በኮቪድ ጊዜ ቤት ውስጥ ተለይተው ሳይደውሉልን ብዙ ቀን የቀሩ ነበሩ። ደውለው ቢሆን በሚታመን ሰው እጅ ይላክላቸው ነበር። ሲመለሱ ከዝቅተኛ መጠን እንደ አዲስ ጀመርን። መድኃኒቱን ይዞ ድንበር መሻገር ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ክሊኒክዎን ያነጋግሩ።

«ልጄ በኮቪድ ትምህርት ሲዘጋ ክፍሉ እንደገባ ቀረ። አሁን ሰማያዊ ክኒን አገኘሁበት። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ማንን ልጠይቅ?» (አንዲት እናት)

እናቴ፣ በመንገድ የሚሸጠው ሰማያዊ ክኒን የሕመም ማስታገሻ መስሎ የተሠራ ፌንታኒል ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ናሎክሶን ይግዙ፤ ከ2023 ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። የት እንዳስቀመጡት የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቅ። ናሎክሶን ብቻ ነው የማይቆለፍበት! ከዚያ ወደ 1-800-662-4357 ያስደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ ነጻ ነው፣ በአካባቢዎ ያለውን ሕክምና ይጠቁማል። ሆስፒታል ሲደርሱ «አምሃሪክ» የምትለዋን አንዲት ቃል ተናግረው ይጠብቁ፤ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት። ታናሽ እህቱን አስተርጓሚ አያድርጓት።