ሙቀቱን የጠረጠሩት ሴት

ክቡራትና ክቡራን፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ዛሬ የምናመሰግናቸው ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ለወባ መድኃኒት ግኝታቸው የኖቤልን የሕክምና ሽልማት በ2015 ሲያገኙ 84 ዓመታቸው ነበር (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ዶክትሬት የላቸውም፤ ውጭ አገር ሄደውም አልተማሩም።

በ1967 ቻይና «523» የተባለ ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረች። ወባ የጊዜውን መድኃኒት ክሎሮኪንን እየተላመደ ነበር፤ በቬትናም ጫካ የሚዋጉትን ወታደሮችም ይጥላል። ቱ ዩዩ በ1969 ቤጂንግ ውስጥ የአንድ ቡድን መሪ ሆኑ። ልጆቻቸውን ለሌላ ሰው አደራ ሰጥተው ሥራውን ገቡበት፤ ከ2,000 በላይ የባህል መድኃኒት አዘገጃጀቶችንም ሰበሰቡ።

ቺንግሃኦ የተባለው ቅጠል አስቸገራቸው። አንዴ ወባን ይገታል፣ ሲደገም ከንቱ ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። እሳቸው ግን ተመልሰው መጽሐፍ ገለጡ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ጌ ሆንግ አንድ እፍኝ ቺንግሃኦ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ተጨምቆ፣ ጭማቂው ሁሉ ይጠጣ ብሎ ጽፏል። ስለ ማፍላት ያለው ነገር የለም! መድኃኒቱን የሚያጠፋው የማፍላቱ ሙቀት ቢሆንስ? በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላው፣ ኢተር በተባለው ፈሳሽ አወጡት። በ1971 ኦክቶበር በወባ የተያዙ አይጦች ላይ ሲሞከር ውጤቱ መቶ በመቶ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ለሕሙማን ከመስጠታቸው በፊት ከባልደረቦቻቸው ጋር ራሳቸው ዋጡት።

ከቺንግሃኦ የተገኘው መድኃኒት፣ የአርቲሚሲኒን፣ አሠራር እኔን እስከዛሬ ያስገርመኛል። የወባው ተውሳክ በደማችን ያለውን ሄሞግሎቢን ሲመገብ ብረት ያዘለ ቅሪት ይተርፈዋል። ያ ብረት በመድኃኒቱ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን ድልድይ ይበጥሰዋል፤ ከዚያ የሚፈጠረው ነገር የተውሳኩን ፕሮቲኖች ያበላሻል። ወባው በገዛ ማዕዱ ይመረዛል ማለት ነው።

ግኝቱ በ1977 ሲታተም የማንም ስም አልሰፈረበትም፤ የዘመኑ ደንብ ነበር። ኋላ የአርቲሚሲኒን ሽልማት ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠቱን የተቹ አሉ። ትችቱን አልንቅም፤ ቅመሙን ያጣሩና ዛሬ በየጤና ጣቢያው ያሉትን ክኒኖች ያዘጋጁ ሌሎች ቻይናውያን ነበሩ። ነገር ግን ሙቀቱን የጠረጠሩትና ማስረጃውን ይዘው ለፕሮጀክቱ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሽልማቱ ትክክለኛው ሰው ጋ ደርሷል ባይ ነኝ።

አሁን እባካችሁ ከመቀመጫችሁ ተነሱና ለቱ ዩዩ፣ ስማቸው በዚያ ጽሑፍ ላይ ላልሰፈረውም ባልደረቦቻቸው ሁሉ አጨብጭቡላቸው።