የእድሩ ዝርዝር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ ድምፄ ትንሽ ቢያስተጋባ አትገረሙ። እማዬ መጋረጃውን አጥባ አስጥታዋለች፣ ክፍሉ ባዶ ሆኗል። የምቀዳው ገላን ጉራ ሆኜ ነው፤ የአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ። ካዛንቺስ 2017 ላይ ስትፈርስ እዚህ ከመጡት ነን።

የዛሬውን ወሬ ያመጣው እድር ነው። የድሮው ሰፈራችን እድርተኛ ተበታትኗል። ግማሹ እዚሁ ነው፣ ሌላው የት የት እንደገባ እንጃ። በቀደም ሰብሳቢው ጋሼ ለእማዬ ደወሉላት። «ያ የአባላት ዝርዝር የት ገባ?» እሷ ገንዘብ ያዥ ነበረች። መዝገቡ ግን ዕቃ ስንጭን ጠፍቷል። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ያቺ ኮምፒውተርህ ላይ ጽፈኸው አልነበር?»

ጽፌዋለሁ። 2004 ክረምት ላይ፣ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ፣ መዝገቡን ሰጥታኝ አንድ ሳምንት ሙሉ ስለቅም ነበር። ግን ላፕቶፗ ከሞተች ስንት ዓመቷ! መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የተቃጠለችው። ብትጫናት ጭጭ። አልጣልኳትም፣ ከአልጋ ሥር ነበረች። ከእኛ ቤት ምንም አይጣልም።

ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት። ልጁ ሁለት ብሎን ፈትቶ ከመዳፍ የማትበልጥ ብረት አወጣ። «ወንድሜ፣ የሞተው ቦርዱ ነው። ንብረትህ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። ሃርድ ዲስኩ ነው። ውስጡ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የሚያነበው ራስ ሳህኑን አይነካውም፣ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት ከላዩ ይንሳፈፋል። ከነካው ይፍቀዋል። ልጁ ኤሌክትሪክ ሰጥቶት ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለ ወዲያው ንቀለው አለኝ፤ በከፈትከው ቁጥር ይብስበታል። የእኔዋ ዝም ብላ ትዞራለች። የዲስኩን መሰኪያ፣ ሳታ የሚሉትን፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ገመድ ገዝቼ ተመለስኩ።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ዲስኩን እህቴ ላፕቶፕ ላይ ሰካሁት። ዊንዶውስ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ስልክ እያወራሁ ነው። አዎ አልኩት። ቀጥሎ የመጣውንም አዎ። በጥቂት ሰከንድ አለቀ። ከዚያ ስከፍተው ባዶ። እማዬ ወጥ ቤት ሆና «አገኘኸው?» ስትለኝ «እየፈለግኩ ነው» አልኳት። ላብ በላብ ሆኛለሁ።

እንዳልጠፋ የገባኝ በኋላ ነው። እድሩን አስቡት። መዝገቡ ላይ ማን የት ቤት እንደሚኖር ተጽፏል። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው ያንን መዝገብ ነው። ቤቶቹ ባሉበት ቆመዋል፣ ሰዎቹም ውስጥ ናቸው። ዊንዶውስ ግን መዝገቡን ብቻ አይቶ ሰፈሩ ባዶ ነው ይላል። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው፤ አዲስ ነገር ስትጭንበት ባዶ ቦታ መስሎት በሰው ቤት ላይ ይሠራበታል። ስለዚህ አንዲት ፋይል እንኳን አትጻፍበት። የእኛ ሰፈር ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ቤቶቹ የሉም፣ የምንፈልገው መዝገቡን ነው። ይህን ሳስብ ትንሽ ሳቄ መጣ፣ ትንሽም ሌላ ነገር መጣ። እንለፈው።

ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። መዝገቡን አይጠይቅም። በየበሩ እያንኳኳ ይሄዳል፤ የፋይሉን አጀማመር አይቶ ይሄ ፎቶ ነው፣ ይሄ ሰነድ ነው ይላል። ያገኘውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ዲስክ ይፈልጋል፣ ከጎረቤት ተዋስኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ አስጀመርኩት። 4 ሰዓት ሲሆን መብራት ሄደ። የእህቴ ላፕቶፕ ባትሪ ስሙ ብቻ ነው ያለው፣ አብሮ ጠፋ። በነጋታው ስከፍተው ካቆምክበት ልቀጥል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ ቢኖር!

ችግሩ ቤቱን እንጂ ስሙን አያውቅም። የፋይሎቹ ስም ሁሉ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ስንት ሺህ ፋይል! የጓደኞቼ ፎቶ፣ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ዘፈን፣ የረሳሁት የሥራ ማመልከቻ። «ታታሪና በቡድን ሥራ የማምን» ብያለሁ። ሁለቱም ውሸት። ሰነዶቹን አንድ በአንድ ስከፍት ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ ሰንጠረዥ ያለው ገጽ ወጣ። ውስጡ ግን አማርኛ የለም፤ የፈረንጅ ፊደልና የምልክት ጉራማይሌ። ተበላሽቷል ብዬ ልዘጋው ነበር።

ከዚያ ትዝ አለኝ። በቪዥዋል ግዕዝ ነው የጻፍኩት! የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዩኒኮድ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ የዓለም ስምምነት ነው፣ እኛ ግን ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ በድሮዎቹ ፕሮግራሞች ነበር የምንጽፈው። እነሱ የእኛን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ያለበት ፋይል፣ ከሌለ የሚታየው የወንበሩ ባለቤት ነው። ፎንቱን ማን ይኖረዋል? ማመልከቻ የሚተይቡ ሰዎች። ወረዳው አጠገብ አንዲት ሴት በኮምፒውተር ትጽፋለች። ፍላሹን ሰጠኋት። «ወይ ጉድ፣ ይሄን እኮ እስካሁን የሚያመጡልኝ አሉ» አለች። ፎንቱን መረጠች። ገጹ በአንድ ጊዜ አማርኛ ሆነ።

ማታ ለእማዬ አነበብኩላት። መጀመሪያ ንብረት፦ ድንኳን 1፣ አግዳሚ 24፣ ብረት ድስት 4። «አንዱ ቀዳዳ ነው» አለች። ከዚያ በየቤት ቁጥሩ ስም ጠራሁ። በእያንዳንዱ ስም መልስ አላት። ቦሌ አራብሳ ናት። ልጇ ጋ ገባች። እሳቸው አረፉ፣ ነፍስ ይማር። በር አጠገብ ጠላ ትሸጥ የነበረችውን ስጠራ ዝም አለች። «እሷን ሰው ጠይቀን እንጽፋለን» አለችኝ። ጎን ላይ አዲስ ዓምድ ከፍቼ የምትለኝን እጽፋለሁ። በዩኒኮድ ነው ደግሞ። ሦስት ቦታም ገልብጬዋለሁ።

የኛ ቤት ቁጥር ላይ ደረስኩ። ስሟን አነበብኩ። ከጎኑ «ውዝፍ፣ 40 ብር» ይላል። ገንዘብ ያዧ!

«ከፍያለሁ!» አለች፣ ስኒውን አስቀምጣ። «አንተ ነህ ያልሞላኸው።»