ዘበኛው አልተኛም

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ? በዚህ በደሴ ብርድ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አንድ ሰው ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ሲይዘው ጎረቤት የሚለው ይታወቃል። «አቅሙ ደክሞ ነው፤ ሽፈራው አጠጡት፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ስጡት።» ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። ግን የታማሚው የሰውነት መከላከያ ብዙ ጊዜ አልደከመም፣ አልተኛምም። ተይዞ ነው።

ሊምፎማ የሚነሳው ሰውነታችንን ከሚጠብቁት ከራሳቸው ከነጭ የደም ሕዋሳት ነው። ከሰፈር ዘበኞች አንዱ ሸፈተ በሉት። ሌሎቹ፣ ቲ ሴል የምንላቸው፣ እየዞሩ መታወቂያ ያያሉ። መታወቂያው ምንድን ነው? እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ካለው ፕሮቲን ቁርጥራጭ አውጥቶ በላዩ ላይ ያሳያል። ቁራጩ እንግዳ ከሆነ ቲ ሴሉ ያን ሕዋስ ይገድላል። ከሸፈቱት አንዳንዶቹ ታዲያ መታወቂያ ማሳየቱን ጭራሽ ይተዉታል።

እኔን የሚገርመኝ ሆጅኪን የሚባለው ዓይነት ነው። የአንገት ንፍፊት ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰሩ ሕዋሳት ከመቶ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዴ አንድ እጅ ብቻ። የቀረው በአብዛኛው የታማሚው የራሱ መከላከያ ነው። ከበዋቸው ቆመዋል። ግን አይነኳቸውም!

ለምን? የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሹፌር ቶሎ ይገባዋል። ቲ ሴል ፍሬን አለው፤ ስሙ ፒዲ ዋን ነው። ፍሬን ደግ ነገር ነው። ባይኖር መከላከያችን የገዛ አካላችንን ያጠቃ ነበር። የሆጅኪን ሕዋስ ግን ይህን ፍሬን የሚረግጥ ፕሮቲን በገፍ ያመርታል። ፍሬን ተረግጦ ነዳጅ ብንጨምር መኪናው ወዴት ይሄዳል? የሽፈራውም ነገር እንደዚያው ነው።

ይህን ፍሬን ያገኙት ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992። በ2018 ከአሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ፍሬኑን የሚያስለቅቁ መድኃኒቶች ዛሬ አሉ። በሽታው ተመልሶባቸው ለነበሩ ብዙ የሆጅኪን ታማሚዎች ዕጢውን አሟሽሸውላቸዋል። በሌሎች ብዙ የሊምፎማ ዓይነቶች ግን እንዲህ አይሳካላቸውም። ደግሞ ውድ ናቸው፣ አልደብቃችሁም። ፍሬኑ ሲለቀቅ ዘበኛው አንጀትን ወይም ሳንባን ሊያጠቃም ይችላል።

አንድ የሰፈር ነገር ልጨምር። በእኛ አገር አንገት ላይ ንፍፊት ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ልክም ነው። የቲቢ መድኃኒት በወጉ ተወስዶ ንፍፊቱ ካልጠፋ ግን፣ ወይም ሌሊት ላብ የሚያጠምቀውና የሚከሳ ሰው ካለ፣ «ናሙና ይወሰድልኝ» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪም መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሻይ እየመጣ ነው። እስከዚያ ጥያቄ ካላችሁ፣ ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምር።