ስኮትስ የተበላሸ እንግሊዝኛ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁና ከልቤ አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪደርስ ስለ መጻሕፍት ላውራችሁ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ግላስጎው ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ይሄን ሳትሰሙ አትቀሩም። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «የስ» ማለቱን ትቶ «አይ» ይላል፤ አዎ ማለቱ ነው። ትንሽ ነገር ሁሉ «ዊ» ሆኗል። ሕፃን ደግሞ «ዌይን» ነው፤ ኤድንብራ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች «ቤርን» ይሉታል። ብዙ ወላጅ ታዲያ ለልጁ አስቦ «እንደሱ አትበል፣ ትክክለኛውን እንግሊዝኛ ተናገር» ብሎ ይቆጣል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይሄን ቁጣ እንድንተወው ልለምናችሁ ነው። ልጁ ይዞት የመጣው ነገር ስኮትስ ይባላል። ከእንግሊዝኛ ጋር ከአንድ ግንድ ወጥቶ እዚሁ ስኮትላንድ ውስጥ በራሱ መንገድ ያደገ ቋንቋ ነው፤ መጻሕፍቱም በአውቶቡስ ደርሰን በምንመለስበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተደርድረዋል።

ከጌሊክ ጋር ግን አናምታታው። ጌሊክ የአይሪሽ ዘመድ የሆነ ሌላ የስኮትላንድ ቋንቋ ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ጌሊክ የሚናገረው 57 ሺህ ሰው ገደማ ሲሆን ስኮትስ እናገራለሁ ያለው 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር።

ይሄ ቋንቋ በአንድ ወቅት የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ነበር። ጆን ባርቦር የንጉሥ ሮበርት ብሩስን ተጋድሎ በስኮትስ በረጅም ግጥም የጻፈው 1375 አካባቢ ነው። ጋቪን ዳግላስ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ደግሞ የሮማዊውን ባለቅኔ የቨርጂልን «ኤኒድ» ከላቲን ወደ ስኮትስ መልሶ በ1513 ጨረሰ። ያኔ እንግሊዞች ሙሉውን ገና ከላቲን አልተረጎሙትም ነበር!

ታዲያ እንዴት ወደቀ? በ1603 ንጉሡ የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ለንደን ገባ፣ በ1707 ፓርላማውም ተከትሎት ሄደ። በእኔ እምነት ግን ከሁሉም በላይ የጎዳው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በ1560 አገሩ ፕሮቴስታንት ሲሆን ሕዝቡ እጅ የገባው መጽሐፍ ቅዱስ የእንግሊዝኛው ነበር፣ በስኮትስ የታተመ አልነበረም። የአምላክ ቃል በሌላ ቋንቋ እየተነበበ ሰው እቤቱ የሚያወራበት ቋንቋ ክብሩን ይዞ ይቀጥላል ማለት ከባድ ነው፤ ይሄን ለእኛ ሰው ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኤድንብራ ምሁራን ከጽሑፋቸው የሚያስወግዷቸውን የስኮትስ ቃላት ይዘረዝሩ ጀመር፤ ታላቁ ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም ሳይቀር እንዲህ ያለ ዝርዝር አሳትሟል። ጎንደር ድረስ የመጣው ጀምስ ብሩስም የስኮትላንድ ሰው ነው። በ1790 ኤድንብራ ላይ ያሳተመው ባለ 5 ቅጽ የጉዞ መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ የተማረ ሰው የሚጽፈው በዚያ ነበርና። ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ ከወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ጠፍር ነበር። ልጅ ክፍል ውስጥ በእናቱ ቋንቋ በመመለሱ መዳፉን ይገረፍበት ነበር። ግርፋት ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሕግ የቀረው በ1987 ነው፤ ስለዚህ የተገረፉት ሰዎች ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንዳንድ አዛውንት ቋንቋቸውን ስትጠይቋቸው የሚያፍሩት ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባችኋል።

እንዲያም ሆኖ መጻፉ አልቆመም። ሮበርት በርንስ የጭሰኛ ልጅ ነው፣ ራሱም አራሽ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1786 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ ታተመ፤ 612 ቅጂ ብቻ። እዚያ ውስጥ ስለ አይጥ የጻፈው ግጥም አለ። ሲያርስ ማረሻው የአይጥ ጎጆ ያፈርስባታል፤ እሱም ቆሞ ክረምት እየመጣ ቤቷን ስላፈረሰባት ያዝንላታል፣ ይቅርታም ይጠይቃታል። ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ይሄን ግጥም ሲያነብ ሆዱ ሳይባባ አይቀርም።

በ1808 ደግሞ ጆን ጄምሰን የሚባል ቄስ የስኮትስን መዝገበ ቃላት በሁለት ቅጽ አወጣ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሂዩ ማክዲያርሚድ የሚባለው ባለቅኔ ከዚያ መዝገበ ቃላት የተረሱ ቃላትን እየቆፈረ አዲስ ግጥም ጻፈባቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት መዝገበ ቃላት ጉድ ናቸው። የዘመናዊው ስኮትስ ባለ 10 ቅጽ ሥራ በ1931 መታተም ጀምሮ በ1976 አለቀ። የጥንቱ 12 ቅጽ ሲሆን እስከ 2002 ፈጅቷል። ከ2004 ጀምሮ ሁለቱም ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ልጃችሁ ያመጣውን ቃል ጻፉበት፤ በየት አውራጃ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን በምን ዓረፍተ ነገር እንደተጠቀመበት ያወጣላችኋል። በ2020 ቋንቋውን የማያውቅ አንድ አሜሪካዊ ወጣት በስኮትሱ ዊኪፔዲያ ላይ ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎች በራሱ ፈጠራ መጻፉ ተጋልጧል፤ ስለዚህ ያገኛችሁትን ሁሉ አትመኑ፣ ወደ መዝገበ ቃላቱ ሂዱ።

እኔ ግን ከሁሉም አስበልጬ የምወደው የዊልያም ሎሪመርን አዲስ ኪዳን ነው። ሰውየው በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ አዲስ ኪዳንን ከግሪክኛው በቀጥታ ወደ ስኮትስ መለሰ። እያንዳንዱ ጸሐፊ በግሪክኛው የራሱ አነጋገር ስላለው በስኮትሱም እንደየራሳቸው አናገራቸው። መጽሐፉ ሳይታተም በ1967 አረፈ። ልጁ የአባቱን ረቂቅ አርሞና አስተካክሎ በ1983 ለኅትመት አበቃው። ከመጽሐፉ መጨረሻ ተጨማሪ ገጽ አለ፤ ጌታ በምድረ በዳ ሲፈተን ሰይጣን የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው! አስቡት እንግዲህ፣ በ1560 የጎደለውን ለመሙላት ከአራት መቶ ዓመት በኋላ አባትና ልጅ ደከሙ።

ለአዋቂዎች ልብ ወለድም አለ። የግላስጎው ልጅ ጄምስ ኬልማን የሰፈሩን አነጋገር ሳያለዝብ ጽፎ በ1994 ቡከር የሚባለውን ትልቅ የልብ ወለድ ሽልማት ሲወስድ ከዳኞቹ አንዷ በአደባባይ ተቃውማለች። በ2020 ደግሞ ዳግላስ ስቱዋርት፣ እሱም የግላስጎው ልጅ፣ ያንኑ ሽልማት ወሰደ። ኬልማን ስድብ ይበዛበታል፣ ልጆች እጅ አይግባ። ለልጆች በ2002 የተጀመረው ኢቺ ኩ የሚባለው አሳታሚ በስኮትስ ብዙ መጽሐፍ አውጥቷል። በ2017 ሃሪ ፖተርን ሳይቀር ተርጉመውታል። ከዚህ ጀምሩ።

ቱሪስት የሚገዛቸውን፣ ለየቤተሰቡ ስም የራሱን ጥለት የሚያድሉ የታርታን፣ ማለትም የባለ መስመሩ የስኮትላንድ ጨርቅ፣ መጻሕፍት ግን ገንዘብ አታውጡባቸው። ያ ድልድል በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ስለ ባህሉ ማወቅ ከፈለጋችሁ በ1746 የስኮትላንድ ደገኞች ልብስ በሕግ ተከልክሎ እስከ 1782 እንደቆየ የሚያስረዳ የታሪክ መጽሐፍ ፈልጉ።

በሰኔ 2025 የስኮትላንድ ፓርላማ ለስኮትስና ለጌሊክ ሕጋዊ እውቅና የሚሰጥ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ አስተማሪም ቢሆን ልጃችሁን «ተሳስተሃል» ካለው፣ በትሕትና ይሄን አዋጅ ጥቀሱለት።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ሚቸል ቤተ መጻሕፍት በር ላይ እንገናኝ። የአባልነት ካርዱ በነፃ ነው፣ የበርንስ ስብስባቸውም እዚያው አለ። ልጆቹን ይዛችሁ ኑ፤ ስኮትሱን እነሱ ጮክ ብለው ያንብቡልን፣ ያልገባንን እንጠይቃቸዋለን። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።