ከፍል ውሃ ዳር የሚገኝ ሀብት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የመጣችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፤

ከከተማችን ወደ ሰሜን ተነሥቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ ዳሎል የሚደርስ ሰው ጨው፣ ድኝና የሚንተከተክ ውሃ ያያል፤ «እዚህ ደግሞ ምን ይኖራል?» ብሎም ይመለሳል። እኔ ግን በእንዲህ ያለ ምድር የሚኖር ባክቴሪያ ሌላው ፍጥረት የማይችለውን የሚችል ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ስላለው፣ ለእኛም የሚበጅ ነገር መፈለግ ያለብን እዚያ ነው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 ቶማስ ብሮክና ተማሪው ሃድሰን ፍሪዝ በአሜሪካ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ካለ ፍል ውሃ ቴርመስ አኳቲከስ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። በኮቪድ ወቅት ከአፍንጫችን የተወሰደው ናሙና የተመረመረበት፣ ዲኤንኤን በተደጋጋሚ እያሞቀ የሚያባዛው የፒሲአር ስልት ለዛሬ ስፋቱ የበቃው ሙቀት በማይበግረው የዚህ ባክቴሪያ ኢንዛይም ነው። ከተገኘው ትርፍ ግን ለፓርኩ የደረሰው ድርሻ አልነበረም።

እኛም እንደ ሻላ ያሉ የሶዳ ሐይቆች፣ ማለትም ውሃቸው አልካላይን የሆነ ሐይቆች፣ አሉን። ከእነርሱ የመጣ ባክቴሪያ ወተት በተቀላቀለበት ነጭ አጋር፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚያድግበት ጄሊ መሰል ነገር፣ ላይ ተዘርቶ ሲያድር፣ ጠዋት በአንዳንዱ የባክቴሪያ ነጠብጣብ ዙሪያ ነጩ ጠፍቶ እንደ መስታወት የጠራ ቀለበት ይታያል፤ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም ወጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ኢንዛይም በልብስ ማጠቢያ ዱቄት ውስጥ ይገባል፤ በቆዳ ፋብሪካም ፀጉር ለማራገፍ የሚፈስሰውን ኖራና ሰልፋይድ ይቀንሳል፤ ከፋብሪካ በታች ያለውን ወንዝ ሽታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ዳሎል ግን መቸኮል አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ደቃቃ ተሕዋስያን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው እጅግ አሲዳማና ጨዋማ በሆኑት ኩሬዎች ሕይወት የለም ብሏል።

የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ሆኖም ሕግ የሚጠብቀው ተመዝግቦ የተቀመጠን ነገር ነው። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት የሁለት ዓመት ናሙናዬ ቀልጦ አግኝቼዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምጠይቃችሁ፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ሙቀቱና የአሲድነት መለኪያው ፒኤች የተጻፈበት የእያንዳንዱ ናሙና ቅጂ ከአገር ሳይወጣ የሚቀርበት፣ የራሱ ጄኔሬተር ያለው አንድ ማቀዝቀዣ በዚህች ከተማ እንድናቆም ነው።