የሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት ምክንያት የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የጤና ችግር) ያለባቸው ልጆች ወላጆች ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ መምህራን፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ከመሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማና ከሸዋ ሮቢት ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁ እናቶች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ቡናውን ላፈሉልንም ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ዘንድሮ ልኩን የጠበቀ ወንበር አሠርተናል፤ ራምፕ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ የሚወጣበት ተዳፋት፣ የተሠራባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ፤ መምህራን ሠልጥነዋል። ዝርዝሩ በሪፖርቱ አለ። ስለ ራምፑ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፦ ግማሽ ሜትር ከፍታ ላለው ደረጃ ተዳፋቱ 6 ሜትር መርዘም አለበት። በ2 ሜትር ሲሚንቶ ለተገላገላችሁ፣ ያ መንሸራተቻ ነው።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣን የወላጅ ከትምህርት ቤት መጥፋት ነው። ልጁ እስኪመዘገብ እንለምናለን፣ እንጣላለን፤ ከተመዘገበ በኋላ በር ላይ አድርሰን እንመለሳለን። መምህሩ የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ ለማውጣት ሲጠራ እናት ብቻዋን ትሄዳለች፤ እሷ ካልተመቻት ዕቅዱ ያለ እኛ ይጻፋል። «የእጅ ጽሑፉን ያሻሽላል» ተብሎ ይጻፋል፤ ልጁ እርሳስ ጨብጦ ማቆየት አይችልም። «አዎ» ለማለት ዓይኑን ወደ ላይ እንደሚያነሣ የሚያውቁት ቤተሰቦቹ ናቸው። መምህሩ ይህን ካልሰማ፣ ዝም ያለውን ልጅ አልገባውም ብሎ ያልፈዋል። ጠይቆ በልቡ እስከ 10 ቢቆጥር ኖሮ መልሱን ባገኘ ነበር።

እባካችሁ፣ ስትጠሩ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። መጻፍ የማትችሉ ታላቅ ልጃችሁን አስጽፉ፦ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ስንት እንደሚወስድ፣ ሲጥለው ምን እንደሚታይበት፣ ሽንቱ ሲመጣ በምን እንደሚያስታውቅ፣ በየትኛው እጁ እንደሚቀናው።

ወንበሩንም በየመንፈቀ ዓመቱ መጥታችሁ እዩት። ዳሌው ከመደገፊያው ጋር ይጠጋ፤ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በ90 ዲግሪ ይታጠፉ፤ እግሩ መሬት ወይም ሳንቃ ይርገጥ፤ ጠረጴዛው በክርኑ ልክ ይሁን። እግሩ ከተንጠለጠለ ገላው ይገተራል፣ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ እጁም እንዳይወድቅ ጠረጴዛ ሲይዝ ይውላል። ልጅ ያድጋላ፤ የአምና ወንበር ዘንድሮ አይሆነውም። የእኛ አገር ውርጭ ደግሞ ጡንቻን ያኮማትራል፤ በጥቅምትና በኅዳር ካልሲ ደርቡለት።

ምሳ ዕቃውስ? ለማኘክ ለሚቸገር ልጅ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይላካል? ወፍራም ገንፎ ወይም በሽሮ በደንብ የራሰ እንጀራ ይሁን። ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል። አንጋልሎ ማጉረስ ምግቡን ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል፤ ይህን ለመምህሯ ማሳየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ጻድቃኔ ማርያም ጠበል የምትወስዱ፣ ውሰዱ። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጡ፤ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣ ይችላል። ልጁ ከትምህርት ሲቀርም ለመምህሩ ንገሩት።

አንዳንድ አባላት «ማኅበሩ ረዳት ይቅጠርልንና እኛ እንረፍ» ብለው ዓመቱን ሙሉ ሲከራከሩን ከርመዋል። በምን ገንዘብ? ብዙዎቹ ተከራካሪዎች የወር መዋጯቸውን አልከፈሉም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ድጋፉን የመስጠት ኃላፊነት በትምህርት ሥርዓቱ ላይ ጥሏል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ጠይቁና አንዱን ቅጂ ያዙ። ረዳት ቢገኝም ልጁን ያነሣል፣ ሽንት ቤት ይወስዳል፤ በዕቅዱ ላይ ግን ስለ እናንተ አይናገርም።

አሁን ወደ አባቶች። ዛሬ የመጣችሁትን አመሰግናለሁ፤ ቁጥራችሁን ግን ራሳችሁ እዩት። እድር ላይ አንድ አባት አይቀርም፤ ቅጣት አለዋ! የልጅ ዕቅድ ላይ ቀጪ ስለሌለ ነው? የቀራችሁት «ሥራ ነበረኝ» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናቲቱ ሥራ ፈት ናት? ልጁ 25 ኪሎ ሲሞላ በማን ጀርባ ሊሄድ ነው?

ሥራ አስፈጻሚው ያቀረበው ሐሳብ በአጀንዳ ቁጥር 2 ተቀምጧል፦ ከመስከረም ጀምሮ የዕቅድ ስብሰባ ላይ አባትም እናትም ይፈርማሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ እንደ እድሩ ይቀጣል፤ ቅጣቱ ለወንበር መጠገኛ ይውላል። መጠኑን እናንተ ወስኑ። በቅድሚያ ግን የሂሳብ ሪፖርቱ ይቀርባል፤ ገንዘብ ያዣችን፣ ወደ መድረክ።